የሰው ሞላ ላይ ተቀምጠህ ራስህን አትመዝን

ጠያቂያችን የ22 ዓመት ወጣት ነው። አዘዞ ይኖራል፤ ጎንደር ከተማ ውስጥ አንድ የሞተርሳይክል ጋራዥ ይሠራል። ሞቶክሮስ (አባጣ ጎርባጣ የአፈር ሜዳ ላይ የሚደረግ የሞተር ውድድር) ሊጀምር ብሎ ያገለገለ ሞተር ገዝቷል። እሱ 58 ኪሎ ነው፤ የሸጠለት ሰው ደግሞ 85 ኪሎ ይሆናል። "መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማው ይንሸራተትብኛል። ሦስት ጊዜ ጥሎኛል። ችሎታው የለኝም ማለት ነው? ወይስ ሥራዬን ትቼ ልምምድ ላይ ብቻ ልዋል?" ይላል።

ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ልጀምርና ልገላገል። ሥራህን አትልቀቅ። በአገራችን በሞተር ውድድር ብቻ የሚተዳደር ሰው እኔ አላውቅም። ጋራዡ እንጀራህ ብቻ አይደለም። ሌላው ጀማሪ ከፍሎ የሚያሠራውን አንተ በእጅህ ትሠራለህ።

ወደ ችሎታህ ስንመጣ፣ ገና አልታየም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ የሰው ሞላም አያሳልፍም። ፊት ያለው ሞላ፣ ማለትም የጎማውን ንረት የሚቀበለው ስፕሪንግ፣ ለከባድ ሰው ከተመረጠ፣ አንተ ፍሬን ስትይዝ በቂ አይወርድም። የፊት ጎማው ጫና ስለሚያጣ መሬቱን አይነክስም። ሦስቴ የጣለህ ይሄ ሊሆን ይችላል። ጉልበት ጨምረህ የምታሸንፈው ነገር አይደለም።

ከኋላው ጀምርና ለካ። ሞተሩን ማቆሚያ ላይ ስቀለውና ጎማው መሬት አይንካ። ከጎማው መሃል ብሎን ቀጥታ ወደ ላይ፣ ጭቃ መከላከያው ላይ ምልክት አድርገህ ርቀቱን ያዝ። ቀጥሎ መሬት ላይ ብቻውን አቁመህ ለካ። በመጨረሻ ሄልሜትህንና ሙሉ ልብስህን ለብሰህ ውጣበት፤ ጓደኛህ ይለካልህ። በትልቁ ሞቶክሮስ ሞተር የኋላው እንቅስቃሴ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ልኬት ስትቀንሰው፣ አንተ ላዩ ላይ ሆነህ 10 ያህል፣ ብቻውን ሲቆም ደግሞ ከ3 እስከ 4 ቢወርድ ጥሩ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሞላውን አላልተህ 10ሩን ካገኘህ በኋላ ሞተሩ ብቻውን ሲቆም ከ4 በጣም አልፎ ከወረደ፣ ሞላው ላላ ማለት አይደለም። ላንተ ይጠነክራል ማለት ነው። ያኔ መፍቻ አያድንህም፤ ለኪሎህ የሚሆን ሞላ ፈልግ።

ገንዘብ የማያስወጣውን ግን ዛሬውኑ አድርገው። ፈረሰኛ እርካቡን በእግሩ ልክ ያስተካክላል አይደል? አንተም መሪውን፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታውን በክንድህ ልክ አዙራቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ሁለት ከለወጥክ የትኛው እንደረዳህ አታውቅም። ሙከራው ሜዳ ላይ ይሁን። ከፒያሳ አዘዞ መንገድ ላይ በባጃጅ መሃል እንዳትሞክረው፣ አደራ።

ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተሩንም እይ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል። ለዚህ ከፍታ ነዳጁን አሳንሰህ መተማ ብትወርድ ደግሞ ነዳጅ ያንስበትና ከመጠን በላይ ይግላል።

ሞተሬ አልመቸኝም ማለት የሚያሳፍርህ ከሆነ ስፔናዊውን የሞተር ተወዳዳሪ ሆርሄ ሎሬንዞን አስብ። የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ እ.ኤ.አ. 2017 ላይ የጣሊያኑ ቡድን ዱካቲ ገባ፤ ዓመቱን ሙሉ አንድም አላሸነፈም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጣሊያን ውስጥ ባለው የሙጄሎ ውድድር ላይ የነዳጅ ታንኩን ቅርጽ ቀየሩለት፤ ፍሬን ሲይዝ ሰውነቱን የሚደግፍበት አገኘ። ያንኑ ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሁለት ጨመረ። የሚገርመው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑን ለቅቆ ሄደ። ታንኩ ቀድሞ ቢመጣለትስ?

ሎሬንዞ የሚጎድለውን ነገር ለይቶ መናገር ችሎ ነበር። አንተም ይሄን ነው የምትማረው። "ሞተሩ አስቸገረኝ" ለመካኒክ ምንም አይነግረውም። "ፍሬኑን ለቅቄ ጋዝ ሳልሰጥ፣ መታጠፊያው መሃል ላይ ፊቱ ይሸሸኛል" ካልክ ግን የት እንደሚነካ ያውቃል። ደብተር ያዝ፤ ቀኑን፣ የመሬቱን ሁኔታ፣ የነካኸውን፣ የተሰማህን ጻፍ። ነጂም መካኒክም ሆኖ ይህን የሚጽፍ ሰው ለማንኛውም ቡድን ይፈለጋል፤ መወዳደሩ ባይሳካልህ እንኳ።

የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ካልወሰድክ በዚህ ወር ሄደህ ተመዝገብ። እሁድ ደግሞ ሦስቱን ልኬቶች ጽፈህ ላክልኝ። የፊቱን ሞላ ከዚያ በኋላ እናወራለን።