ከአርባ በኋላ ክብደት ለምን እምቢ ይላል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ነው። ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ አራት ኪሎ ቢሮ በእግሬ ነው የምሄደው፤ እራት ላይ እንጀራ ትቻለሁ። ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

መልስ፦ ከእንጀራው ይልቅ ወጡን ይጠርጥሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው፤ ቁሌት ሲቁላላ ግን በማንኪያ የሚለካ የለም፣ ከጀሪካኑ ነው የሚንቆረቆረው። ባለ 5 ሊትሩን ሲከፍቱ ቀኑን በእስክርቢቶ ይጻፉበት። ለአራት ሰው ቤት በ30 ቀን ካለቀ፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን ከዘይት ብቻ 345 ኪሎ ካሎሪ ያህል ደርሶታል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመካከለኛ ርምጃ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢራመድ የሚያቃጥለው 250 ገደማ ነው፤ የእርስዎ መንገድ ደግሞ ሰዓት አይሞላም።

ሽንኩርቱን በደረቁ ያቁላሉ፦ ወፍራም ድስት፣ ለስለስ ያለ እሳት፣ ሊይዝ ሲል ጠብ የሚል ውሃ። ዘይቱ ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ይግባ፤ ለአራት ሰው ወጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬውን ሲጨምሩ ነው፤ ወጡ ይጎመዝዛል፣ ያንን ለማለዘብ ዘይት ይደገማል።

ጥያቄ፦ በሁዳዴ ሥጋም ቅቤም ሳልነካ ጨመርኩ። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል። ጾም ሲገባ ቅቤው ይቀርና ዘይቱ ይበዛል፤ ሳምቡሳውና ቦምቦሊኖውም አለ። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ የሚበላ ሰው ደግሞ በረሃብ አፋፍ ላይ ሆኖ መጠን አያውቅም። መጀመሪያ ሰላጣና ጎመን፣ ቀጥሎ ምስር ወይም ሽሮ፣ እንጀራው በልክ። ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒት እየወሰደ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር ክኒን በባዶ ሆድ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሜታቦሊዝሜ (ሰውነቴ ኃይል የሚያቃጥልበት ፍጥነት) ስለቀነሰ ነው ይሉኛል። 52 ዓመቴ ነው፤ እሑድ መስቀል አደባባይ እሮጣለሁ።

መልስ፦ በ2021 (እ.ኤ.አ.) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት የሰውነት መጠንና ስብጥር ታስቦ ሲታይ የኃይል ፍጆታ ከ20 እስከ 60 ዓመት ብዙም እንደማይለወጥ አሳይቷል። የሚቀንሰው ጡንቻና የዕለት እንቅስቃሴ ነው። የእሑድ ሩጫ ብቻውን ጡንቻ አይጠብቅም። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ይሥሩ፦ ከወንበር እጅ ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ 3 ዙር፤ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ተደግፎ ፑሽ አፕ፤ ውሃ የሞላ 5 ሊትር ጀሪካን (5 ኪሎ ነው) ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ። ሲቀልዎት ይጨምሩ፤ ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነ ግን ከፍ ካለ ወንበር ይጀምሩ።

ፕሮቲንም ይቁጠሩ፤ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ጥሩ ዒላማ ነው፣ ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆነ። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው። ከሩጫው በኋላ ቢራ ካለ እሱንም ይቁጠሩ፤ ባለ 330 ሚሊ ሊትሩ አንዱ 140 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ የወር አበባዬ ከቆመ ወዲህ ሆዴ ብቻ ወጣ። ኪሎዬ ያው ነው።

መልስ፦ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ ስብ ከዳሌ ወደ ሆድ ይዞራል፤ ስለዚህ ሚዛኑን ሳይሆን ሜትሩን ይመኑ። ከመጨረሻው ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሃል፣ አየር አስወጥተው፣ ልብስ ሳይኖር ይለኩ። ሴት ከ80፣ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ የልብና የስኳር ሥጋት ይጨምራል። በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ በየቀኑ መለካት ንዴት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ያወፍራል?

መልስ፦ አንዳንዱ አዎ፦ ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላሚድ፣ ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ)፣ አሚትሪፕቲሊን (የድብርት መድኃኒት)፣ ዴፖ የሚባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ። በራስዎ አያቋርጡ፤ በተለይ ፕሬድኒሶሎንን ለረጅም ጊዜ ወስዶ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ሆድ ድርቀትና ድካም ከተደራረበ ደግሞ የታይሮይድ ምርመራ (ቲ ኤስ ኤች) ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ፌጦ፣ የማቅጠኛ ሻይስ?

መልስ፦ ስብ አያቀልጡም። በሻዮቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለበት፤ የሚቀንሰው ውሃ ነው፣ ሲጠጡ ይመለሳል።