ከባሕር የተያዘ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ወደ አኳሪየም ይግባ ወይ? ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ራሳችሁ የያዛችኋቸውን ሽሪምፖችና ቀንድ አውጣዎች ኮራል ወዳለበት የጨው ውሃ አኳሪየም ስለማስገባት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

የያዝኩትን በቀጥታ ብጨምረውስ?

አንዳንዴ ምንም አይሆንም። ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚዘናጋው። መጀመሪያ ማየት ያለብህ ከየትኛው ውሃ እንደመጣ ነው። የኮራል አኳሪየም ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው፤ ጨዋማነቱ ደግሞ ከሺህ እጅ 35 ገደማ። ከቀዝቃዛ ባሕር የመጣ ቀንድ አውጣ እዚህ ለጥቂት ሳምንታት ደህና መስሎ ይቆይና ይሞታል። ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ቦታ የተያዘ ሽሪምፕ የለመደው ጨው ያነሰ ውሃ ነው። ውሃው ሲሸሽ ድንጋይ ላይ የሚቀሩት ቀንድ አውጣዎች ደግሞ አየር ስለለመዱ መስታወቱን ወጥተው ወለል ላይ ታገኛቸዋለህ። ክዳን ከሌለህ ተዋቸው።

መያዝስ ይፈቀዳል?

እንደየቦታው ይለያያል። ጥብቅ በሆኑ የባሕር ክልሎች ባዶ ዛጎል ማንሳት እንኳ ሊከለከል ይችላል። መረብህን ከመያዝህ በፊት የአካባቢውን የዓሣ ሀብት ቢሮ ጠይቅ።

ቀንድ አውጣው አልጌ በል ይሁን ሥጋ በል በምን ልወቅ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። ገልብጠሽ የዛጎሉን አፍ እዪው። አልጌ የሚግጡት ብዙዎቹ አፋቸው ክብ ወይም ግማሽ ክብ ነው፤ ጠርዙም ድፍን ነው። በአፉ ጫፍ ላይ ስንጥቅ ወይም ቦይ ካለ ተጠራጠሪ። እንስሳው እንደ ኩምቢ ያለ ቱቦ በዚያ አውጥቶ ምግብ ያሸታል፤ አዳኞቹ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ናሳሪየስ የሚባለው ቀንድ አውጣ ቱቦ አለው፤ የሚበላው ግን የሞተና የተረፈ ነገር ነው። ሴሪት የሚባለውም ቀንድ አውጣ ቦይ እያለው አልጌ ይግጣል።

ስለዚህ የተገኘበትንም ቦታ አስቢ። አልጌ ያለበት ድንጋይ ላይ ከነበረ ተስፋ አለው። ኦይስተር ወይም ሌላ ዛጎል ላይ ተጣብቆ ካገኘሽው ግን ምሳውን እየበላ ነበር ማለት ነው። አሁንም ካልለየልሽ አልጌ የያዘ ድንጋይ ካለበት ትንሽ ማቆያ ውስጥ ለብቻው አስቀምጪው። የሚግጥ ከሆነ በቀናት ውስጥ ዱካው ይታያል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ቅርጹ እንደ አይስክሬም ኮን የሆነ ቀንድ አውጣ ካየሽ በእጅሽ አትንኪው። ኮን ስኔይል ይባላል። መርዛማ መውጊያ አለው፤ ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹ ሰው ገድለዋል፤ ፀረ መርዝ መድኃኒትም የለውም። ዛጎሉ ያምራል፤ ይመር።

ማታ ማታ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ሽሪምፕ መስሎኝ ያመጣሁት ነው?

ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ጥፍሩ ትልቅ የሆነው ፒስቶል ሽሪምፕ ነው። አሸዋ ይቆፍራል፣ ይጮኻል፣ ከጎቢ ዓሣ ጋር ጉድጓድ ይጋራል፤ ብዙም አያስቸግርም። ሌላው ማንቲስ ሽሪምፕ ነው፤ ስሙ እንጂ እውነተኛ ሽሪምፕ አይደለም። እሱ ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ ዓሣ ይወጋል። ማንቲስ ከሆነ ምግብ ባለበት ጠርሙስ አጥምደህ አውጣው፤ ጣትህን ወደ ጉድጓዱ አትስደድ።

ነጭ ነጠብጣብ በሽታ ይዘው ይመጣሉ?

ይህ ተውሳክ የሚያመጣው የዓሣ በሽታ ነው፤ እነሱ ራሳቸው አይታመሙም። የተውሳኩ እንቁላል መሰል ከረጢት ግን ዛጎል ላይ ተጣብቆ ሊመጣ ይችላል፤ አጥቦ ማስለቀቅም አይቻልም። መፍትሔው ትዕግሥት ነው፦ ዓሣ በሌለበት ማቆያ ውስጥ ይቆዩ። የተለመደው 76 ቀን ነው። ተውሳኩ የሚጣበቅበት ዓሣ ካላገኘ ይሞታል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይከፋል፤ ዓሣ መልሶ ከመግዛት ግን ይቀላል።

በመዳብ መድኃኒት ለማፋጠን እንዳትሞክሩ። መዳብ ሽሪምፑንም ቀንድ አውጣውንም ይገድላል። ዓሣ በመዳብ ታክሞበት የነበረ ገንዳንም ለማቆያነት አትጠቀሙ።

ውሃውን እንዴት ላላምዳቸው?

በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረግህ ለአንድ ሰዓት ያህል፤ የጨው ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሽሪምፕ የጨው ለውጥ ሲፈጥንበት አይችልም። የያዝክበትን ውሃ አኳሪየም ውስጥ አትድፋ፤ እንስሳውን ብቻ አንሳ። በነጋታው ባዶ ቅርፊት ብታይ አትደንግጥ፤ ሽሪምፕ ሲያድግ ቆዳውን ይጥላል። ቀንድ አውጣ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ አሽትተው። ከሞተ ሽታው ራሱ ይነግርሃል። ቶሎ ካላወጣኸው ውሃውን የሚመርዝ አሞኒያ ይለቃል።

ካልተስማማኝ ወደ ባሕር ልመልሰው?

አይሆንም፣ የያዝክበት ቦታ ቢሆንም። አኳሪየም ውስጥ ከሌላ ባሕር ከመጡ እንስሳት ጋር ከኖረ የእነሱን በሽታ ይዞ ሊወጣ ይችላል። በ1984 ሞናኮ አጠገብ የታየው ካውለርፓ የተባለ የአኳሪየም አልጌ በሜዲትራኒያን ምን ያህል እንደተስፋፋ አስታውስ። ይልቅ ማቆያው ውስጥ ይኑር፤ ወይም የሚወስድ ሰው ፈልግ። ማንቲስ ከሆነ ብዙም አትቸገርም፤ እሱን ብቻ የሚያረቡ ሰዎች አሉ።