ጥያቄ፦ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ከግኖም ዴስክቶፕ ጋር ይንቀረፈፍብኛል፤ ሊኑክስን ልተወው ወይስ የሚሻል ዴስክቶፕ አለ? ደረጃ አውጡልኝ።

ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ (መስኮቶችንና ምናሌዎችን የሚያሳየውን የሊኑክስ ገጽታ) ይጫኑ። 4 ጊጋባይት ራም እና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ባለው ላፕቶፕ ላይ ግኖም መንቀርፈፉ አይገርምም፤ ሊኑክስን ለመተው ግን ምክንያት አይሆንም።

ደረጃ አውጡልኝ ስላሉ፣ ለእርስዎ ማሽን የማወጣው ይህን ነው፦

1. ኤክስኤፍሲኢ። ከ1996 ጀምሮ ያለ፣ በየዓመቱ መልኩን የማይቀያይር ዴስክቶፕ ነው። ከጫኑት በኋላ አሁንም ከከበደዎት ቅንብሮች ውስጥ ገብተው «የመስኮት አስተዳዳሪ ማስተካከያ» የሚለውን ይክፈቱ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን የኮምፖዚተር (የመስኮቶችን ጥላና ግልጽነት የሚሠራው ክፍል) ምልክት ያንሱ። ጥላውና ግልጽነቱ ይጠፋል፤ ፍጥነት ለሚፈልግ ሰው የሚያስቆጭ አይደለም።

2. ኤልኤክስኪውቲ። ከኤክስኤፍሲኢም ይቀልላል፤ ቅንብሮቹን ፈልጎ ማግኘት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

3. ኬዲኢ ፕላዝማ። ከባድ ነው የሚለው ስም የድሮ ነው። ፋይሎችን ከጀርባ የሚመዘግበውን ባሉ የተባለ አገልግሎት ካጠፉት ሃርድ ዲስኩ ትንፋሽ ያገኛል።

4. ሲናሞን፣ ከዚያም ግኖም። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ለዚህ ላፕቶፕ ግን አይደሉም። ራሙን 8 ካደረሱትና ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ከገጠሙለት እኔም ደረጃውን እቀይራለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉንም በአንድ የተጠቃሚ መለያ እየጫኑ አይሞክሩ። የአንዱ ገጽታና የአዶ ቅንብር ወደ ሌላው ይገባል፤ በምናሌው ላይም ሦስት የጽሑፍ ማረሚያና ሁለት የፋይል አስተዳዳሪ ተደርድረው ያገኛሉ። ለሙከራ ሌላ መለያ ይክፈቱ፣ ወይም ከፍላሽ ዲስክ አስነስተው ይዩት። ከፍላሽ ሲነሳ ግን ከወትሮው ስለሚዘገይ በፍጥነቱ አይፍረዱበት።