በስርቆትና በውንብድና ለተከሰሰ ሰው መከላከያ፦ ጥያቄና መልስ

ጠበቃው፦ በወንጀል ችሎት ለተከሳሾች እቆማለሁ። የዚህ ቡድን አባላት ስለ ስርቆትና ስለ ውንብድና ክሶች ለምታቀርቡት ጥያቄ በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት እመልሳለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው፣ በመታየት ላይ ያለ ጉዳይ ዝርዝርና የምስክር ስም እዚህ እንዳትጽፉ ነው። ያላነበባችሁትን ቃልም አትፈርሙ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከመንገደኛ እጅ ስልክ መንትፎ ሮጧል ተብሎ በከባድ ውንብድና ተከሷል። ተበዳዩን አልመታም፣ አላስፈራራምም። ክሱ ትክክል ነው?

ጠበቃው፦ ብዙ ሰው የክሱን ታሪክ ያነባል እንጂ የተጠቀሰውን አንቀጽ አያነብም፤ ሙግቱ ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆት በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆት በ669፣ ውንብድና በ670፣ ከባድ ውንብድና ደግሞ በ671 ተደንግገዋል። ስርቆትን ከውንብድና የሚለየው የዕቃው ዋጋ ወይም የተበዳዩ ድንጋጤ አይደለም፤ በሰው ላይ የተፈጸመ የኃይል ድርጊት ወይም ከባድ ዛቻ መኖሩ፣ አለዚያም ተበዳዩ መከላከል እንዳይችል መደረጉ ነው። ስለዚህ ስልኩ ከእጅ በተመነተፈበት ቅጽበት ኃይሉ ያረፈው በሰውየው ላይ ነው ወይስ በዕቃው ላይ? ተበዳዩ ተገፍትሯል? እጁ ተጠምዝዟል? የሕክምና ማስረጃ ቀርቧል? እነዚህ በማስረጃ ካልተረጋገጡ፣ ተከሳሹ ስልኩን መውሰዱ ቢረጋገጥ እንኳ ጥፋቱ ከስርቆት እንዳያልፍ አጥብቃችሁ ተከራከሩ። ፍርድ ቤት በክሱ ከተጠቀሰው ቀለል ባለ ድንጋጌ ጥፋተኛ ሊል ይችላል፤ የአንቀጽ 665 ጣሪያ ደግሞ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ጥያቄ፦ ዋስትና ይፈቀድለታል?

ጠበቃው፦ በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 መሠረት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ክስ ዋስትና ሊያስከለክል ይችላል። አንቀጹን አንብቡ ያልኩት ለዚህም ነው።

ጥያቄ፦ በእኔ ጉዳይ ያለው ምስክር ተበዳዩ ብቻ ነው። አንድ ምስክር ደግሞ አይበቃም ይባላል።

ጠበቃው፦ የሚባለውን ተዉት። አንድ ምስክር ከታመነ ይበቃል፤ አምስቱም ካልታመኑ አይበቁም። የሚታየው ምስክሩ በምን ሁኔታ እንዳየ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የግል ተበዳይ «መልኩን በሚገባ አይቼዋለሁ» ብሎ ደንበኛዬን በችሎት አመለከተ። በመስቀለኛ ጥያቄ አራት ነገር ብቻ ጠየቅሁት። መብራቱ በየት በኩል ነበር? «ከኋላው።» ኮፍያ አድርጎ ነበር? «አዎን፣ እስከ ቅንድቡ።» እርስዎ ምን ላይ ነበር ዓይንዎ? «ቢላዋው ላይ።» በመጀመሪያው ቀን ለፖሊስ ምን ብለው ነገሩት? «ረጅም፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ።» በዚያ ቃል ውስጥ ስለ ፊት አንዲት መስመር አልነበረችም። ፊቱ የመጣው ተጠርጣሪውን ፖሊስ ጣቢያ ብቻውን፣ እጁ በካቴና ታስሮ ካየው በኋላ ነው። ሰውየው አልዋሸም፤ ጣቢያ ያየውን ፊት በጨለማ ካየው ጥላ ጋር አገናኝቶት ነው። እኔም ከአራተኛው ጥያቄ በኋላ ተቀመጥሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ መጨመር የጀማሪ ስሕተት ነው፤ ምስክሩ «አዎን» ይልና የፈረሰው ሁሉ ይጠገናል።

ጥያቄ፦ ለውንብድና ክስ ጥሩ መከላከያ ምንድን ነው?

ጠበቃው፦ ለየትኛው ክስ፣ በየትኛው ማስረጃ? እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለውም።

ንብረቱን የተዘረፈ አባል፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሌባን የምታስመልጡት እናንተ ናችሁ።

የሕግ ተማሪ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) መሠረት ማንም የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል።

ንብረቱን የተዘረፈ አባል፦ እኔ የጎደለኝ አንቀጽ ሳይሆን ላፕቶፕ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ ለማንኛውም «ተከላከል» ከተባለ በኋላ የማስረዳት ሸክሙ ወደ ተከሳሹ ይዞራል፤ ስለዚህ ብዙም አትጨነቁ።

ጠበቃው፦ የንብረታችሁ መጥፋት ያሳዝነኛል፤ ክርክሩን ግን እዚህ ላይ አቁሙ። ተማሪው የተናገሩት ደግሞ መታረም አለበት። በሥነ ሥርዓት ሕጉ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ክሱን ካላስረዳ ተከሳሹ በአንቀጽ 141 በነፃ ይሰናበታል፤ ካስረዳ በ142 እንዲከላከል ይታዘዛል። ተከላከል ማለት ጥፋተኛ ነህ ማለት አይደለም፤ መከላከያው ጥርጣሬ ከፈጠረ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በርካሽ የገዛሁት ላፕቶፕ ቤት ተሰብሮ የተወሰደ ሆኖ ተገኘና «ሰባሪው አንተ ነህ» እየተባልሁ ነው።

ጠበቃው፦ ዝርዝሩን እዚህ አትጻፉ ብያለሁ። በአጠቃላይ፣ ዕቃው እጅ ላይ መገኘቱ ብቻውን ሰባሪ አያደርግም። ሆኖም በወንጀል መገኘቱን እያወቀ ወይም ሊያውቅ ሲገባው የገዛ ሰው በአንቀጽ 682 ሊጠየቅ ይችላል። ደረሰኝዎንና የተጻጻፉትን መልእክት ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እህቴ በፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሳታነብ ፈርማለች። ሁሉም ነገር አበቃ?

ጠበቃው፦ አላበቃም፤ ግን ከባድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ያለመናገር መብትን ያረጋግጣል፣ ተገድዶ የተሰጠ ቃልም ተቀባይነት የለውም ይላል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብትም በዚያው ነው፤ አስገዳጅ ነገር ደርሶባት ከሆነ ዳኛው ፊት በመጀመሪያው ዕለት ትናገር፤ ከወራት በኋላ የሚነሣ ቅሬታ ክብደቱ ያነሰ ነው። ማስገደድ ከሌለ ግን «አላነበብኩም» ማለት ብቻውን እምብዛም አይረዳም።

ጥያቄ፦ ዋስትና ይፈቀዳል ወይ?

ጠበቃው፦ ከላይ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ወንጀሉ ሲፈጸም ሌላ ቦታ እንደነበርሁ የሚመሰክሩ ሦስት ጓደኞች አሉኝ። ይበቃል?

ጠበቃው፦ ሦስቱም በአንድ ቃል፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት እንኳ ሳይዛነፉ ከመሰከሩ ዳኛው የሚያስበው የተጠኑ መሆናቸውን ነው። ከሦስቱ ይልቅ ያልተዘጋጀ አንድ እንግዳ ሰው፣ የጥሪ ዝርዝር ወይም ሰዓት ያለበት ደረሰኝ ይሻላል። የካሜራ ምስል ካለ ደግሞ ዛሬውኑ እንዲቀመጥ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ብዙ ካሜራ በላዩ ላይ እየደገመ ስለሚቀርጽ ጉዳዩ ለክርክር እስኪቀጠር አይቆይም።