«ቤቱ የ1890ዎቹ፣ ልቤ የ1950ዎቹ»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? እኔና ባለቤቴ ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ አሮጌ ቤት ገዝተናል። የተሠራው በፈረንጆቹ 1890ዎቹ ነው፤ ግራና ቀኙን ከጎረቤት ጋር የተያያዘ፣ ፊቱ ጠበብ ያለ ቤት። እኔ ግን የምወደው የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን ዕቃ ነው። አራት ኪሎ እናቴ ቤት የነበረው ባለ ቀጭን እግር ቡፌ ከዓይኔ አይጠፋም። ባለቤቴ «እንግዲያው የሳሎኑን ምድጃና ኮርኒሱ ዙሪያ ያለውን የጀሶ ጌጥ አፍርሰን ልሙጥ እናድርገው» ይላል። የፊቱ ግድግዳ ደግሞ ከታች እርጥበት ይዞ ቀለሙ ይላጣል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ! ከእርጥበቱ ጀምሩ። ቡፌው ይደርሳል።

የዚያ ዘመን ግድግዳ እንደ አሁኑ ድርብ ሆኖ መሀሉ ክፍት የሆነ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር ድፍን ጡብ ነው፤ የተያያዘውም በኖራ ነው። ዝናብ ሲመታው ይጠጣል፣ ሲያባራ መልሶ ይደርቃል። ኖራ ያስተነፍሰዋል፣ ሲሚንቶ ያፍነዋል። ይህን በራሴ ቤት አይቼዋለሁ። የቀጠርኩት ሰው የፊቱን ግድግዳ ከውጭ በሲሚንቶ ለሰነው፤ ከውስጥ ፕላስቲክ ቀለም ቀባው። ያን ሰሞን ሲያዩት ደስ ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ሶፋውን ሳብ ሳደርግ ከዞኮሎው በላይ ቀለሙ ውሃ ቋጥሮ አብጧል። በጣቴ ጫን ሳደርገው ልስኑ እንደ እርጥብ በሶ ተፈረፈረ። ሲሚንቶውን በመሮ ሳስለቅቅ ሰነበትኩ።

ስለዚህ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ውጪ ውጡና የግድግዳውን ግርጌ እዩ። ቀዳዳ ያላቸው ጡቦች ታገኛላችሁ። ከጣውላው ወለል ስር አየር የሚያስገቡት እነሱ ናቸው። ብዙ ጊዜ አፈር ወይም የአበባ መደብ ደፍኗቸው ይገኛል። ክፈቷቸው። አሸንዳው የሚያፈስ መሆኑንም አጣሩ። ከዚያ የተበላሸውን በኖራ አስለስኑ፤ እስኪደርቅም ታገሱ። የድሮውን ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉ፣ እርሳስ (መርዛማው ብረት) ሊኖርበት ይችላል። ኮርኒሱ ላይ ሸካራ ልባስ ካለም ሳይመረመር አትንኩት። አስቤስቶስ የሚባለው፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ እንግሊዝ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ነው።

ወደ ምድጃው ልምጣ። እባካችሁ አታፍርሱት። ከታች ያለው ከተነሳ ከላይ ያለው የጭስ መውጫ ግንብ የሚያርፍበት ያጣል፤ ብረት ይገባለታል፣ መሐንዲስ ያስፈልጋል። ግድግዳው የጋራ ስለሆነ በ1996ቱ የጋራ ግድግዳ ሕግ ለጎረቤት በጽሑፍ ማሳወቅም አለ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ወረቀቱ አይደለም። የጀሶው ጌጥ ከመቶ ዓመት በላይ እዚያው ቆይቷል። አንዴ ከወደቀ ያንኑ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ሶፋ ግን ነገም ይቀየራል።

ግድግዳውን፣ ጌጡንም፣ ኮርኒሱንም በአንድ ሞቅ ያለ ነጭ ቀቡት። ያኔ ጌጡ አይጮህም፤ ለስላሳ ጥላው ብቻ ይታያል። ለባለቤትሽ ይህን አሳዪው፣ የፈለገው ልሙጥነት ግማሹ እዚያ ውስጥ አለ።

ከዚያ ቡፌሽን ግዢ። የእናትሽን የሚመስለው እዚያው አገር በሽ ነው። ጂ ፕላን የሚባለው ዕቃ በ1953 ነው የወጣው፤ ኤርኮል የሚባለው የቤት ዕቃ ድርጅትም የዚያን ዘመን የሚያማምሩ ወንበሮች ሠርቷል። ሁለተኛ እጅ ፈልጊ። መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ሳቢው፤ ሳያንገራግጭ መውጣት አለበት። የጠርዙን ስስ የእንጨት ልባስ በጥፍርሽ ዳስሺው፣ የተነሳ ካለ ዋጋ አስቀንሺ። ቤት ሲገባ በማሽን እንዳታስልጪው፣ ልባሱ በጣም ስስ ስለሆነ ወዲያው ይበሳል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሰው ሁሉ ቡፌውን ከምድጃው ጎን ገባ ባለው ቦታ ሊያቆመው ያስባል። አይበቃውም። ብዙዎቹ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማሉ። ከምድጃው ትይዩ ባለው ረጅሙ ግድግዳ ላይ አድርጊው። ከቀጭኑ እግሩ ስር ጣውላው ስለሚታይ ጠባቡ ሳሎን ሰፋ ይላል። ምድጃው ጎን ያለው ቦታ ደግሞ ለመጻሕፍት መደርደሪያ ይሆንሻል።

የሳሎኑን ልክና የምድጃውን ፎቶ ላኪልኝ። መብራቱን በሚቀጥለው እናየዋለን።