ለፕሮንግሆርን አደን ስንት ኪሎ ጠመንጃ ይበቃል?

ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ፕሮንግሆርን የሚባለው የአሜሪካ የሜዳ እንስሳ የሚታደንበት ወቅት ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ትደጋግማላችሁ። «ለፕሮንግሆርን ዋዮሚንግ ልወጣ ነው፤ ቀላል ጠመንጃ ልግዛ ወይስ ከበድ ያለ?» ጥያቄው ደህና ነው። ችግሩ መልሱን ሱቅ ውስጥ መፈለጋችሁ ነው። ሻጩ ከመደርደሪያው ቀላሉን አውርዶ ያስይዛችኋል። ትከሻችሁ ላይ ስታደርጉት ደስ ይላል። ዋጋው ደግሞ በቀለለ ቁጥር ይወደዳል። ውድ ሲሆን የተሻለ ይመስለናል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። የማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ ማንገቻውና ጥይቱ ተጨምሮበት 4 ኪሎ ገደማ የሚሆን ያዙ። ከ3 ኪሎ ተኩል ባይወርድ፣ ከ4 ተኩል ባያልፍ ጥሩ ነው። ብዙዎቻችን ዓመቱን ሙሉ መሪ ይዘን ወይም የሆስፒታል ፈረቃ ገብተን እንውላለን። ተኩስ ሜዳ የምንሄደው ሲመቸን ነው። እንዲህ ላለ ሰው ጠመንጃ ሲቀል ጀርባው ይጠቀማል፤ ተኩሱ ግን ይጎዳል።

መጀመሪያ እንስሳውን እንወቅ። ፕሮንግሆርን ከሩቅ ሲያዩት የአዋሹን የሜዳ ፍየል ያስታውሳል። አሜሪካኖቹ አንቴሎፕ ይሉታል እንጂ ከአፍሪካዎቹ ጋር ዝምድናው የራቀ ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉት የቅርብ ዘመዶቹ ቀጭኔና ኦካፒ ናቸው። ሲሮጥ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሰሜን አሜሪካ ምድር በእግሩ የሚቀድመው የለም። ዓይኑ ትልቅና ወደ ጎን ወጣ ያለ ነው፤ ሣር እየጋጠም ዙሪያውን ያያል። የሚኖረው ደግሞ ዛፍ በሌለበት፣ ሴጅብራሽ የሚሉት ግራጫ ቁጥቋጦ በሸፈነው ሜዳ ላይ ነው። መጠጊያ የለም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ተኩሱ ከ150 እስከ 300 ሜትር ርቀት ላይ ይሆናል።

እንስሳው ግን ትንሽ ነው። ወንዱ ከ45 እስከ 60 ኪሎ ቢመዝን ነው። ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ ስፋቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ይሆናል። አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። ከትከሻችሁ እስከ አፈሙዙ ጫፍ 1 ሜትር ያህል ነው እንበል። አፈሙዙ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከተዛነፈ፣ 250 ሜትር ላይ ጥይቱ በ25 ሳንቲሜትር ይስታል። መሐል ያነጣጠራችሁት ሆድ ወይም እግር ላይ ያርፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት የጥፍራችሁን ውፍረት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ነፋስ፣ እያንዳንዳቸው ያን ያህል ሊያንቀሳቅሱ ይችላሉ።

ክብደት የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ከበድ ያለ ጠመንጃ በትንሽ ግፊት ቶሎ አይነቃነቅም። በመነጽሩ ውስጥ የማነጣጠሪያውን መስቀል ስታዩት ቀስ ብሎ ይዋልላል እንጂ አይዘልም። በቀላሉ ጠመንጃ ግን መስቀሉ ከልብ ምታችሁ ጋር እየዘለለ የእንስሳውን ደረት አቋርጦ ይሄድና ይመለሳል። የዋዮሚንግ ነፋስ ደግሞ ረፍት የለውም። ተንበርክካችሁ ስታነጣጥሩ ከጎን መጥቶ ቀጭኑን በርሜል ሲገፋው በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ይህን የሚያብሰው ቃታ ነው። ሰው ስለ ጠመንጃው ክብደት ይጨነቃል፤ የቃታውን ክብደት ግን አይጠይቅም። ቃታው 2 ኪሎ ተኩል ጉልበት የሚፈልግ ከሆነና ጠመንጃው ራሱ 3 ኪሎ ካልሞላ፣ ጣታችሁ ቃታውን ብቻ ሳይሆን ጠመንጃውንም አብሮ ይስባል። ቃታው ወደ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ቢስተካከል ጠመንጃው ያለበት ይቆያል። የዛሬ ጠመንጃዎች አብዛኞቹ ቃታቸው ይስተካከላል። ግን አምራቹ በሰጠው መመሪያና ልክ ነው። ካላወቃችሁበት ለጠመንጃ ሠሪ ስጡት። በዚህ አትቀልዱ።

ሌላው ወደ ኋላ የሚመታው ምት ነው። ጥይቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ጠመንጃው ከ4 ኪሎ ወደ 3 ኪሎ ቢወርድ የምቱ ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። ይህ ለትከሻ ብቻ አይደለም። ሁለት ሦስቴ ጠንከር ያለ ምት የቀመሰ ሰው ሳያውቀው ዓይኑን መጨፈን፣ ቃታውን መንጠቅ ይጀምራል። ልምምዱንም ይሸሻል። ሳጥን ሙሉ ጥይት ገዝቶ አምስቱን ተኩሶ «በቃኝ፣ ይመታል» ብሎ የሚመለስ ስንቱን አይቻለሁ።

ስለዚህ ጥይቱን ከክብደቱ ጋር አብራችሁ ምረጡ። ለፕሮንግሆርን 243 ዊንቸስተር ይበቃል። 6.5 ክሪድሙርም ሆነ 7 ሚሊ ሜትር-08 ግሩም ናቸው። 270 ዊንቸስተር በአራት ኪሎ ጠመንጃ ላይ ምንም አይልም፤ በሦስት ኪሎ ላይ ግን ይሰማል። 300 ዊንቸስተር ማግነም ለዚህ እንስሳ ምን ያደርጋል? ከትልቅ በግ ብዙም ለማይበልጥ አካል ያንን ሁሉ ባሩድ ማንደድ ሥጋ ማበላሸት ነው። አንዳንዱ «አንድ ቀን ለኤልክ፣ ለትልቁ የአሜሪካ አጋዘን ይሆነኛል» ይላል። ያን ቀን ሲደርስ ሌላ ይግዛ።

አሁን ወደ ሚዛኑ። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ክብደት ባዶው ጠመንጃ ነው። 6 ፓውንድ ተኩል የሚለው 2 ኪሎ ከ950 ግራም ገደማ ነው። እሱ ላይ መነጽር ስትጨምሩ 550 ግራም፣ መነጽሩን የሚይዘው ብረት 120፣ ማንገቻው 130፣ አምስት ጥይት 110፣ ባይፖድ የሚባለው ባለ ሁለት እግር መደገፊያ 370። ደምሩት። 4 ኪሎ ከ200 አለፈ። «ቀላል» የተባለው ጠመንጃ ልክ እኔ ወዳልኩት ቦታ መጣ። 8 ፓውንድ የሚለውን ብትገዙ ደግሞ 5 ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሱቅ ስትሄዱ እንግዲህ የምትፈልጉት ጽሑፉ ላይ ከ6 ፓውንድ ተኩል ብዙ የማይርቀውን ነው። ዋጋቸው መካከለኛ የሆኑት ብዙ ጠመንጃዎች እዚሁ አካባቢ ናቸው። ልዩ ነገር መግዛት የለባችሁም።

አምስት ፓውንዷን የሚገዛ አይጠፋም። እሷ ለተራራ የተሠራች ናት። የዱር በግ ፍለጋ ሙሉ ቀን ገደል ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ሰው እያንዳንዱን ግራም ቢቆጥር አይፈረድበትም። የፕሮንግሆርን አደን ግን እንዲያ አይደለም። በመኪና እስከ ሜዳው ትደርሳላችሁ። ኮረብታ ላይ ሆናችሁ በእጅ መነጽር ትቃኛላችሁ። ካያችሁ በኋላ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግር፣ የመጨረሻውን በደረት ነው። ከመንገድ ላይ ሆኖ ወይም መንገድ አሻግሮ መተኮስ በዋዮሚንግ ክልክል ስለሆነ እዚያው መኪናው ጎን ቆሜ ልጨርስ የምትሉ እርሱት። ቢሳካላችሁም ስትመለሱ የምትሸከሙት ሥጋ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ነው። ከዚያ አጠገብ የግማሽ ኪሎ ብረት ልዩነት ምን ነው?

ከባዱን የሚወዱም አሉ። ወፍራም በርሜል፣ ትልቅ መነጽር፣ ድምሩ ከ5 ኪሎ ተኩል በላይ። ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ለሚተኮስ ያምራል። ሜዳ ላይ ግን በደረታችሁ ስትሳቡ ያን በአንድ እጅ እየገፋችሁ ነው። መሬቱ ደግሞ የኛው በለስ ዘመድ የሆነ አጭር እሾሃም ተክል የበዛበት ነው፤ ሣር ውስጥ ተደብቆ ክርንና ጉልበት ይወጋል። ወፍራም ጓንትና የጉልበት መከላከያ ያዙ። ዋዮሚንግ በአማካይ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር በላይ ናት። አዲስ አበባ ያደግን ብንሆንም ዲሲ ወይም ሂዩስተን ዓመታት የኖረ ሳንባ ከፍታውን ረስቶታል። እያለከለካችሁ ነው የምትደርሱት። ያ ከባድ ጠመንጃ እጃችሁን አዝሎት ከደረሰ ጥቅሙን ራሱ በላው።

መደገፊያውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። አጭሩ ባይፖድ ለተኩስ ሜዳ ጥሩ ነው፤ ሴጅብራሹ ግን ይጋርደዋል። ተኝታችሁ ስታነጣጥሩ ከፊታችሁ ቅርንጫፍ እንጂ እንስሳ አይታይም። ብዙ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ መተኮስ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ የሚደገፉበት ተጣጣፊ ዱላ ይሻላል። ባይፖዱ ሲወጣ ደግሞ ከፊት 370 ግራም ይቀንሳል። ጠመንጃው ግን አፈሙዙ ላይ በጣም እንዳይቀል ተጠንቀቁ። ወደ ፊት ትንሽ የሚያደላው በእጅ ላይ ይረጋል።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትወጡ። በዋዮሚንግ ትልልቅ እንስሳትን ማደን የሚፈቀደው ከ12 ዓመት ጀምሮ ነው። ብዙ አባት ለልጁ ቀላሏን ይገዛል። ልጁ ትንሽ ነው፣ ጠመንጃዋም ትንሽ ትሁን ብሎ። ምቱ ግን የሚያርፈው በዚያች ትንሽ ትከሻ ላይ ነው። 243 በመካከለኛ ክብደት ግዙለትና እስከ ተኩሱ ቦታ እናንተ ተሸከሙለት። ሰደፉም ለክንዱ ልክ ይሁን። ረጅም ሰደፍ ክብደቱን ከሰውነት ስለሚያርቀው ቀላሉም ይከብዳል። ይህ ቁመታቸው አጠር ላሉ እህቶቻችንም ይሠራል።

ከመግዛታችሁ በፊት የሚያድን ወዳጅ ካላችሁ አብራችሁት ተኩስ ሜዳ ሂዱና የሱን ሞክሩ። ጠረጴዛው ላይ ብቻ አይደለም። ትንሽ ሮጣችሁ፣ ልባችሁ ሲመታ ቁጭ ብላችሁ 100 ሜትር ላይ ተኩሱ። ሦስት ጥይት በቂ ነው። ቀጭን በርሜል ቶሎ ይግላል፤ ሲግል አንዳንዱ ይስታል። በሦስት ሦስቱ መሐል እያቀዘቀዛችሁ ሞክሩ። ሦስቱም 8 ሳንቲሜትር ውስጥ ካላረፉ በ250 ሜትር አትተኩሱ፤ ጠጋ በሉ።

«የሱን ሞክሩ» ስል ግን ሕጉን አትርሱ። አገር ቤት ጠመንጃ ከዘመድ መዋስ ብርቅ አይደለም። እዚህ እንዲያ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛትም መያዝም ይችላል። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መንካት የተከለከለ ነው፤ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ እዚህ የተሰጠ ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። የመኖሪያ ጉዳዩ ገና ያልተቋጨለት ጠበቃውን ይጠይቅ። ስትገዙ የምትሞሉት ቅጽ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ይጠይቃል። ኮሎራዶ ማሪዋና ብትፈቅድም የፌዴራሉ ሕግ አይፈቅድም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም በዚያው ሕግ ጥብቅ ከሚባሉት ተርታ ነው። ቅጹ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ እያንዳንዱን ጠመንጃ ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ አለባችሁ።

በዋዮሚንግ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1966 ወዲህ የተወለደ አዳኝ የአደን ትምህርት ወረቀት ይጠየቃል። የውጭ ክፍለ ግዛት ሰው ማመልከቻ በጁን መጀመሪያ ይዘጋል። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ ግዴታ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የግል ተቀላቅሎ ስለሆነ በስልካችሁ የመሬት ካርታ ይኑራችሁ።

ሥጋውን በሚመለከት፣ ፕሮንግሆርን ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው፤ በኦሪት ሥርዓት ለሚጠነቀቅ በዚህ በኩል አያስቸግርም። የባርኮቱን ነገር እያንዳንዱ ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይጨርስ። ሴፕቴምበር ቀኑ ገና ሞቃት ስለሆነ ቆዳውን ቶሎ ገፍፋችሁ በረዶ ውስጥ ክተቱት። ቆስሎ ብዙ የሮጠ እንስሳ ሥጋው ይበላሻል። ጽጌን የምትጾሙ ማቀዝቀዣ አዘጋጁ።

ከሩቅ በአውሮፕላን ለምትመጡ፣ የ23 ኪሎን ነገር ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጠመንጃው ጥይት ሳይኖረው፣ ጠንካራና የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ ቆጣሪው ላይ አሳውቃችሁ በሻንጣ ይጫናል። ሳጥኑ ብቻውን 6 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ጥይቱን በራሱ ካርቶን አድርጉት፤ አየር መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ኪሎ በላይ አይቀበሉም። ስትደርሱ በቀጥታ ወደ ሜዳው አትሩጡ። ሻንጣ ጫኚ እንዴት እንደሚወረውር ታውቃላችሁ። መነጽሩ ተነቃንቆ እንደሆነ በአቅራቢያው ባለ ተኩስ ሜዳ ሦስት ጥይት ተኩሳችሁ አረጋግጡ።