ሯጭ ነኝ፤ ለእግረኛ ጦር ይበቃኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 19 ዓመቴ ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የአሜሪካ ጦር ውስጥ እግረኛ ወታደር ለመሆን ፈርሜአለሁ። ልሄድ ሦስት ወር ቀርቶኛል። ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሯጭ ነበርኩ፤ ክብደቴ 58 ኪሎ ነው። ጓደኞቼ «አንተማ ምን አለብህ፣ ትሮጣለህ» ይሉኛል። አሁን ሁዳዴ ገብቷል፤ ልጾምም አስቤአለሁ። እንዴት ልዘጋጅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግረኛ ወታደር ከሚሮጠው ይልቅ የሚሸከመው ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 አፍጋኒስታን ውስጥ የአሜሪካ እግረኞች የያዙት ዕቃ ተመዝኖ ነበር። የጥይት መከላከያው፣ መሣሪያው፣ ጥይቱና ውሃው ተደምሮ በአማካይ 29 ኪሎ ገደማ መጣ። ለረጅም ጉዞ ቦርሳ ሲጨመር ደግሞ 46 ኪሎ። እንግዲህ የክብደትህን ግማሽ ለብሰህ ልትወድቅ፣ ልትነሳ፣ አጥር ልትዘል ነው። እኔም እግረኛ ነበርኩ። ጆርጂያ ግዛት ባለው የእግረኞች ማሠልጠኛ፣ ፎርት ቤኒንግ፣ አብረውኝ ከሠለጠኑት መካከል በሩጫ ማንም የማይደርስባቸው ቀጫጭን ልጆች ነበሩ። ቦርሳ ሲጫን ወደ ኋላ የሚቀሩት እነሱው ነበሩ። ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ጀርባቸው ሸክም አያውቅም።

የጦሩ የአካል ብቃት ፈተናም ይህንኑ ያያል። እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ጀምሮ አምስት ክፍል አለው፦ ዴድሊፍት (ከባድ ብረት ከመሬት ማንሳት)፣ እጅን ከመሬት እየለቀቁ የሚሠራ ፑሽ አፕ፣ ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ የ2 ማይል ሩጫ፣ እና ስፕሪንት ድራግ ካሪ የሚሉት። ይህ የመጨረሻው ሯጭን በደንብ ያስተነፍሳል። በአምስት ዙር 250 ሜትር ነው፤ ትሮጣለህ፣ 41 ኪሎ የተጫነበት ስሌድ (መሬት ላይ የሚጎተት መንሸራተቻ) ትጎትታለህ፣ በጎን ትሄዳለህ፣ በሁለት እጅህ 18፣ 18 ኪሎ ኬትልቤል (እጀታ ያለው ክብደት) ይዘህ ትሮጣለህ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ባዶ እጅህን። ለእግረኛ በድምሩ 350 ነጥብ ያስፈልጋል። ሩጫው ሙሉውን 100 ቢሰጥህ እንኳ ከሌሎቹ አራቱ 250 ማምጣት አለብህ።

ስለዚህ ሩጫውን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን አውርደው። አይጠፋብህም። ሦስት ቀን ጂም ግባ፤ ዴድሊፍት፣ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ሥራ። ዴድሊፍትን በባዶው ብረት ጀምር፤ ጀርባህ እንዳይጎብጥ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ቆሞ ይይልህ።

በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ቦርሳ አዝለህ ሂድ። እየተራመድክ እንጂ እየሮጥክ አይደለም። 7 ኪሎ ይዘህ 5 ኪሎ ሜትር ለመጀመሪያው በቂ ነው። በአንድ ሳምንት ወይ ክብደቱን ወይ ርቀቱን ጨምር፤ ሁለቱን አንድ ላይ በጭራሽ። ይህን አደራ የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም። ሳንባና ጡንቻ ቶሎ ይለምዳሉ፣ አጥንት ግን ይዘገያል። አንተ ትንፋሽ ስላለህ ድካም አያስቆምህም፤ ቅልጥምህ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ቅልጥምህን በጣት ስትጫነው አንድ ቦታ ላይ ነጥሎ የሚያምህ ከሆነ፣ የዚያን ቀን አቁምና ሐኪም ጋ ሂድ። «ይለቀኛል» እያሉ መቀጠል ስንት ጎበዝ ልጅ ከሥልጠና አስቀርቷል።

ስለ ጾሙ፣ አትጹም አልልህም። ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከር፤ ሥራህን ንገራቸው። ከጾምክ ግን ከባዱን ልምምድ ከምግብ በኋላ አድርገው እንጂ በባዶ ሆድ ብረት አታንሳ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒና በሶ በብዛት ብላ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተመዘን፤ ኪሎህ ከወረደ ምግቡ አንሷል ማለት ነው።

ስትሄድ በጋ ነው፣ የጆርጂያ ሙቀት ደግሞ ይከብዳል። ከአሁኑ አንዳንድ ልምምድህን ፀሐይ ላይ አድርግ፤ ቀስ በቀስ፣ ውሃ እየጠጣህ። ከመሄድህ በፊት ባለው ሳምንት ግን ከባድ ብረት አትንካ። ቀለል ያለ ሩጫ ብቻ ሩጥ፣ በደንብም ተኛ።